የወደቀው ጉንጬ እንዴት እንደተነሣ

ከዚህ በፊት ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱንም አባቴ ለባቡር ሥራ ወደ አዳማ ሲዛወር አቋረጥኩት። ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል፤ በቃሌ ከምናገረው ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው እንጂ ጸሐፊ ነኝ ብዬ አይደለም። ሐኪም ቤት ያስታመመችኝ ሲስተር፣ «እንዳንቺ ፊታቸው የወደቀባቸው ሰዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። ምን እንደሚጠብቃቸው የነገራቸው ሰው የለም። አንዳንዶቹ ከደጅ ይመለሳሉ። አንቺ ፊደል ታውቂ የለም? ጻፊላቸው» ብላ አዘዘችኝ። የሚችል ያንብበው፤ ለማይችልም ያንብብለት።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ጠዋት ተነሥቼ ልጉመጠመጥ ውሃ ብይዝ በግራ በኩል ፈሶ ደረቴን አራሰው። ደግሜ ያዝኩ፤ ደግሞ ፈሰሰ። ታናሽ እህቴ አልማዝ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ምን ትቀልጃለሽ? ቀሚስሽን እኮ አበሰበስሽው!» ብላ ሳቀች።

«አልቀለድኩም» ልላት ፈለግኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ተኮላተፈ። ያን ጊዜ ሳቋን አቆመችና ሮጣ እናቴን ጠራች። እናቴ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ።

«ማርያም ድረሽልኝ! ልጄን ማን መታብኝ?»

የግራ ጉንጬ እንደ ባዶ ስልቻ ወርዷል። የአፌ ጫፍ ወደ ታች ተንሸራቷል። የግራ ዓይኔን ልጨፍን ብል አልከደን አለኝ። ቅንድቤን ሳነሣ የቀኙ ብቻ ይነሣል። ምንም አያመኝም ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራን። የሚያም ነገር ቢሆን ቦታውን እናውቀው ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን በሽታ ይዞ መጣ። አንዷ መጋኛ ነው አለች። አንዷ ልጅቱ ላቧ ሳይደርቅ ወጥታ ነፋስ መታት አለች። ሌላዋ ሰይጣን በጥፊ መቷት ነው ብላ እናቴን አስለቀሰቻት። ሁሉም ያዘዘው ተደረገልኝ፤ ቅጠል ታጠንኩ፣ ቅቤ ተቀባሁ፣ ትኩስ ጨርቅ ተደረገልኝ። ከዚያ በገበያ ቀን የሚመጣ ጥርስ ነቃይ አፌን ከፍቶ አየና፣ «ፊቷን ወደ ታች የሚስበው ይሄ መንጋጋ ነው» አለ። እኔም ነቅሎ ይገላግለኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ጤነኛ ጥርሴን ይዞ ሄደ፤ ፊቴ ግን እንደወደቀ ቀረ።

ሶደሬ ፍል ውሃም ወርደናል። እናቴና እኔ ከብዙ በሽተኞች ጋር አዋሽ ዳር ሰነበትን። ውሃው ሰውነቴን ደስ ያሰኘው ነበር። እዚያ አንዲት ሴት፣ «የኔም ፊት እንዲሁ ወድቆ ነበር፤ ይኸው ውሃው መለሰልኝ» እያለች ጉንጯን ትነፋልኛለች። እኔም እሷን እያየሁ ተስፋ አደረግኩ። የኔ ግን አልተመለሰም። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ምንም ሳይደረግላቸው በራሳቸው ይድናሉ። በዚያን ጊዜ የታጠነ ጭሱን፣ የታጠበ ውሃውን ያመሰግናል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ፊታችሁ በወደቀ ማግስት ለቢላዋ አትሩጡ፤ ለጥርስ ነቃይም አትቀመጡ። ዓይናችሁን ብቻ ጠብቁ።

ዓይን ጠብቁ ያልኩት እኔ ስላልጠበቅኩ ነው። አገራችን ሴት ስታፍር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። እኔ መሳብ ብቻ አይደለም፣ ጠርዙን ጆሮዬ ሥር ወትፌ የግራ ፊቴን ሸፍኜ መዋል ጀመርኩ። ውሃ ስቀዳም፣ ገበያ ስሄድም፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ ነበርኩ። የማያውቁኝ ሴቶች፣ «የጨዋ ልጅ! አስተዳደጓን እዩ!» ይሉኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዓይኔ ቀላ፤ ያለቅሳል፣ ይቆረቁረኛል፣ ሰውን በጭስ ውስጥ እንደማይ ሆንኩ። እናቴ አየችና፣ «ዓይን በልቷት ነው! ሁሉም ሰው ያያታል!» ብላ ነጠላውን ሁለት እጥፍ አደረገችልኝ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዕሬን ብዙ ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከእናቴ ጋር እቆርብ ነበር። ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ ሰው ጠብታ እንኳ መሬት እንዳይነካ አፉን በነጠላ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ውሃ እንኳ መያዝ አቃተኝ። ሾርባ ስጠጣ በግራ በኩል ይወርድብኛል። ከዚያ ቅዱስ ደም አንዲት ጠብታ ካገጬ ብትወርድስ? ይህን እያሰብኩ በየበዓሉ ምክንያት ፈጠርኩ፤ አንዴ ራሴን አመመኝ አልኩ፣ አንዴ በላሁ አልኩ። ለማንም እውነቱን አልተናገርኩም። አፌ የሚፈስ መሆኑን በቃል መናገር አፈርኩ።

በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ስትቆርብ የኖረች ልጃገረድ በድንገት ስትቀር ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። እናቴ አንድ ቀን በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ንገሪኝ። ወንድ አለ?»

«የለም፣ እምዬ።»

«ታዲያ ለምን ከቁርባን ትሸሺያለሽ? ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? ፊቷ የወደቀው በኃጢአቷ ነው ይሉሻል!»

አለቀስኩ እንጂ አልመለስኩላትም። ግራ ዓይኔ ድሮም ያለቅስ ስለነበር፣ ያን ቀን ሁለቱም ማልቀሳቸውን እንኳ ያወቀች አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ፊት የሚያቃና የፈረንጅ ሐኪም መኖሩን የሰማው አባቴ ነው። የባቡር ጓዶቹ ነገሩት። ሐኪሙ በፈረንጆች ትልቅ ጦርነት ጊዜ ፊታቸው በጥይት የተበላሸ ወታደሮችን ሲሰፋ የኖረ ነው አሉ። እናቴ ግን አልሰማም አለች።

«የእግዜር ሥራ በቢላዋ ይታረማል?»

«ሐዲድ ሲጣመም አቃንተን ባቡር እናሳልፍበት የለም?» አላት አባቴ።

«ልጄ ሐዲድ ናት? ባቡር ልታሳልፍባት ነው?»

ቤታችን በዚህ ነገር ብዙ ቀን ተኮራረፈ። በመጨረሻ እናቴ፣ «የንስሐ አባቷ ይፍቀዱ፤ እሳቸው ካሉ እሄዳለሁ» አለች። መምሬ ዘንድ ብቻዬን ገባሁ። አንገቴን አቀርቅሬ፣ እየተኮላተፍኩ፣ ለምን እንደማልቆርብ ነገርኳቸው። ቀና ብዬ ሳያቸው የተቆጡ መሰለኝ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ በዚህ ነው የቀረሽው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ምነው ለኔ ብትነግሪኝ? ሲያስፈልግ እጄን ካገጭሽ ሥር አደርግልሽ ነበር እኮ!»

«አፈርኩ፣ አባ።» ከዚያ ንስሐ ስለሆነ መደበቅ አልቻልኩምና ጨመርኩ፣ «ደግሞም... መልኬ እንዲመለስልኝም እፈልጋለሁ። ለቁርባኑ ብቻ አይደለም።»

መምሬ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «እሱንም እንደ ኃጢአት ልትናዘዢው ነው? ሂጂ ታከሚ። እናትሽን እኔ አነጋግራታለሁ።»

እናቴም እኔም በባቡር ሄድን። የሐኪም ቤቱ ደጅ ከሌሊት ጀምሮ ሰው የሚሰለፍበት ነው። ረጅም አግዳሚ ላይ እግሩ ያበጠ፣ ሕፃን የታቀፈች፣ ዓይኑን በሻሽ ያሰረ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እኔ ሁሉም ፊቴን የሚያየኝ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ግን ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም የሚያየው በሩን ነው። ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀለል ያለኝ ቀን አልነበረም።

ሐኪሙ ረጅም ሽማግሌ ነው። ሲስተር ብዙ ዘመን አገራችን የኖረች ፈረንጅ ስለሆነች እሷ ታስተረጉማለች። ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ፤ ቀኙ ብቻ ተጨፈነ። ጥርስሽን አሳዪ አለኝ። ከዚያ ሲስተር፣ «አፏጪ ይልሻል» አለችኝ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ምን አለ? ሴት ልጅ ታፏጫለች? ከዚህ ስትወጪ ማን ያገባሻል?»

«ከንፈሯ ይገጥም እንደሆን ሊያይ ነው፣ እናቴ» አለች ሲስተር። ሞከርኩ፤ በግራ በኩል ነፋስ ብቻ ወጣ። እናቴ፣ «ተመስገን፣ አላፏጨችም» አለች። ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠይቆ ሲተረጎምለት እስኪያለቅስ ሳቀ።

ሳቁን ሲጨርስ ነጠላዬን ካንገቴ ላይ አነሣ። ጠርዙን ወደ እናቴ ዓይን ቢያስጠጋው ዓይኗ ወዲያው ተከደነ። ወደ ግራ ዓይኔ አስጠጋው። ጨርቁ ሲመጣ አየዋለሁ፤ ዓይኔ ግን አልተከደነም።

ሲስተር ቀስ ብላ ተረጎመችልን። «የሌላ ሰው ዓይን ራሱን ይከድናል። ያንቺ አይከደንም። ፊትሽን ስትደብቂ ቀኑን ሙሉ ዓይንሽን በጨርቅ ስትሞርጂው ነው የከረምሽው። ጥቂት ብትቆዪ ኖሮ ይጠፋ ነበር።»

እናቴ፣ «ወይኔ! እኔ ነኝ ያጠፍኩላት!» ብላ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላውን ሁለት እጥፍ ያደረገችልኝ ለዓይኔ ብላ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኔ ታከመ፤ ቅባት እየተደረገለት፣ ሲመሽ በንጹሕ ጨርቅ እየታሸገ ሰነበተ። የማየው ጭስ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ሐኪሙ ስለ ፊቴ ነገረን። ፊትን የሚያንቀሳቅስ ከጆሮ ሥር የሚወጣ ቀጭን የጅማት ክር አለ። የኔ ሞቷል፤ ዓመት ስላለፈው አይነሣም። ሐኪሙ የሚያደርገው ከጭኔ ላይ ሥጋን የሚጠቀልለውን ነጭ ጠንካራ ልባስ በቀጭኑ ቆርጦ ማውጣት ነው። እሱን በቆዳዬ ሥር አሳልፎ፣ አንዱን ጫፍ ከአፌ ጥግ፣ ሌላውን ጫፍ ከጆሮ ግንዴ በላይ ያስረዋል። የዓይኔንም ጥግ በትንሹ ይሰፋዋል፤ እንዲጠብና እንዲከደን።

ሐኪሙ ያልደበቀኝ ነገር ስላለ አመሰግነዋለሁ። «ጉንጭሽ ይነሣል እንጂ አይንቀሳቀስም። ስትስቂ ግራሽ አይስቅም። ጠባሳ ይኖርሻል። እንደ ድሮው አደርግሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አለኝ። እናንተም ወደ ማንኛውም ሐኪም ስትሄዱ ምን እንደሚያደርግላችሁ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማያደርግላችሁም ጠይቁት።

እናቴ ግን ከሁሉ የያዘችው ጭኑን ነው። «ፊቷን ነው ያመማት! ጭኗን ለምን ያያል?»

እኔም እንደ እናቴ ነበርኩ። ቢላዋውን ሳይሆን ጭኔ ለወንድ መታየቱን ፈርቼ ዕቃዬን ጠቅልዬ ነበር። ሲስተር አንሶላ አመጣች፤ መካከሉን በመቀስ ቆርጣ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ አወጣችለት። «ከዚህ ሌላ ምንም አያይም። ወዲያው እኔ አለብስሻለሁ። ማርያምን!» አለች። ፈረንጅ በማርያም ስትምል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ዕቃዬን መልሼ ፈታሁ።

ከጎኔ አልጋ ላይ አዴ ቦንቱ የሚባሉ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ተኝተው ነበር፤ እንቅርት ሊያስወጡ መጥተው። ከነገ ወዲያ ነው የሚቀድዱኝ ብዬ እንቅልፍ ሲነሣኝ ሰምተውኝ ኖሯል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ያገላብጥሻል?»

«ፈርቼ ነው፣ አዴ።»

«አንቺስ ከጭንሽ አውጥተው ፊትሽ ላይ ነው የሚያደርጉት። ካንቺ ወደ አንቺ ነው። የኔን እንቅርት ግን ቆርጠው የት ሊጥሉት ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ያበላሁትን! ይስጡኝና ገበያ ወስጄ ልመዝነው።»

ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ።

በቀጠሮው ቀን የግራ ጆሮ ግንዴ አካባቢ ፀጉሬ ተላጨ። ሹሩባዬ ሲወድቅ እናቴ ለቅማ በመሃረቧ ቋጠረችው። አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ ተደረገ፤ ጣፋጭና ከባድ ሽታ አለው። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፤ የት እንዳቆምኩ አላውቅም።

ስነቃ ያመመኝ ፊቴ ሳይሆን ጭኔ ነበር። ይህንን ማንም አልነገረኝምና እናንተ እወቁት፤ ብዙ ቀን አነከስኩ። ፊቴ አብጦ ዓይኔን ሸፈነው። መናገር፣ ማኘክና መሳቅ ተከለከልኩ። በማንኪያ አጥሚት ብቻ ይሰጠኝ ነበር። የምተኛውም በተደራረበ ትራስ ተደግፌ ነው። ከሁሉ የከበደኝ አለመሳቁ ነው፤ አዴ ቦንቱ ድምፃቸው በመቀነሱ ፈንታ ጨምሮ፣ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አስታማሚውን ሁሉ ስለ እህል ዋጋ ይከራከሩታል። ሲስተር፣ «ይህችን ልጅ አያስቋት! ስፌቷ ይፈታል!» ስትላቸው፣ «እኔ ምን አልኩ? ስለ ስንዴ ነው የማወራው» ይላሉ።

ፋሻው ሲፈታ መስታወት ለመንኩ። ያየሁት አስደነገጠኝ። የወደቀው ጉንጬ አሁን ከልክ በላይ ወጥቷል፤ የአፌ ግራ ጫፍ እንደሚያሾፍ ሰው ወደ ላይ ተስቧል። እናቴ፣ «በዚያ ወድቆ ነበር፤ በዚህ ሰቀሉት!» ብላ አለቀሰች። ሲስተር፣ «ሆን ብሎ ነው አብልጦ የሳበው። ልባሱ እየላላ ይወርዳል። ቀና የሚሆንበትን ቦታ አስልቶ ነው» አለችን። አላመንናትም ነበር፤ ግን እንዳለችው ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን ጆሮ ግንዴ ላይ ያለው ስፌት መገለ። ትኩሳት ያዘኝ፤ አልጋው ከሥሬ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ ስፌቱን በጥቂቱ ፈታ፤ መግሉን አፍስሶ አጠበው። በየቀኑም ያጥበው ነበር። ያን ሰሞን አባቴ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ መጣ። እንደገባ አጎንብሶ ጉንጬን አየና፣ «ቀንቷል» አለ፣ «ትንሽ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው የቀረው።» እናቴ በክርኗ ጎሰመችው። ትኩሳቱም ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ወደ አዳማ ስንመለስ ጉንጬ ወደ ቦታው እየወረደ ነበር። ሰፈሩ ሊያየኝ መጣ። አንዳንዱ፣ «ምንም አልተለወጠችም» አለ፤ አንዳንዱ፣ «ሌላ ሰው ሆነች» አለ። አልማዝ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና፣ «በቀኝ በኩል አንቺ ነሽ፣ በግራ በኩል ደግሞ የተቆጣሽ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ከሁሉም የእሷ ልክ ነበር። አሁንም ስስቅ ቀኜ ብቻ ይስቃል። ግራ ዓይኔ ከቀኙ ያንሳል፤ ግን ይከደናል፣ ያያል። ጠባሳው ፀጉሬ ሥር ነው። ሐኪሙ ልባሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊላላ እንደሚችል ነግሮኛል፤ ያን ጊዜ የሚሆነውን ያን ጊዜ አያለሁ።

ውሃ መጠጣትን እንደ ሕፃን ተማርኩ። ቶሎ ከጠጣሁ ይፈሳል። ጥቂት ይዤ፣ ራሴን ወደ ቀኝ አዘንብዬ፣ ቀስ ብዬ ስውጥ አይፈስም። ይህንን በማንኪያ እየለካሁ፣ እናቴ ፊቴ ተቀምጣ አገጬን እያየች፣ ብዙ ቀን ተለማመድኩ። ለምን እንደምለማመድ የነገርኳት ያን ሰሞን ነው። እሷም፣ «ወንድ አለ ብዬሽ ነበር፤ ይቅር በዪኝ» ብላ ማንኪያውን ሞላችልኝ።

ለልደት ጾምኩ፤ ንስሐ ገባሁ፤ ከእናቴ ጋር ሌሊት ገብተን ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምን። ተራዬ ሲደርስ መምሬ ሥጋውን አቀበሉኝ። ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀሉ፣ በቅዱሱ ማንኪያ፣ አመጣልኝ። ራሴን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ዋጥኩ። አፌን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ጠብታዋ ስትወርድ እስክትሰማኝ እጠብቃለሁ፤ አልወረደችም። አሁንም እጠብቃለሁ፤ ምንም የለም። መንቀሳቀስ ፈርቼ ቆሜ ሳለሁ መምሬ ዝቅ ብለው፣ ለሌላው ሰው ሁሉ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «እለፊ ልጄ፤ ከኋላሽ ሰው አለ» አሉኝ።